የጓዳ ወግ፤ የማክሰኞ ፊልምና ባዶዋ ክፍል

ሰሞኑን «ምነው ጠፋሽ?» ያላችሁኝ ሁሉ አትቀየሙኝ። ፎርም ስሞላ ነው የከረምኩት። የምን ፎርም? እደርስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ቤት ግቡና ቁጭ በሉ፤ ቡናው ቀርቧል።

የላስ ቬጋስ ሐበሻ እሑድ የለውም። ሌላው አሜሪካ ቅዳሜና እሑድ ሲያርፍ እኛ ዘንድ እንግዳ ይጎርፋል፤ እንግዳው ሲጎርፍ እኛ እንሮጣለን። እኔ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። አባወራዬ ዱሮ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ አሁን በስልክ የሚጠራውን መኪና ሌሊት ሌሊት ይነዳል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ «ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው» ብዬው እንተላለፋለን። ሁለታችንም የምናርፍበት ቀን ማክሰኞ ብቻ ስለሆነ በእኛ ቤት እሑድ ማለት ማክሰኞ ነው። ቡና በሥርዓቱ የሚፈላው ማክሰኞ፣ ልጆቹ የሚመከሩት ማክሰኞ፣ ፊልም የሚታየውም ማክሰኞ ነው።

ሰፈራችን ማውንተንስ ኤጅ ይባላል፤ በእኛ አፍ «የተራራ ጥግ» እንደ ማለት ነው። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከብሉ ዳይመንድ መንገድ ወዲያ፣ ከ2004 ወዲህ በረሃው ላይ የበቀለ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ሁሉ መንትያ ይመስላሉ። መጀመሪያ የገባን ሰሞን ከሥራ ደክሜ ስመለስ የጎረቤት ጋራዥ ልከፍት ስታገል ተይዣለሁ! ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልጆቹን ይዤ ኤክስፕሎሬሽን ፓርክ ያለችው ኮረብታ ላይ እወጣለሁ። ከዚያ ላይ ሲያዩት የስትሪፑ መብራት እንደ ደመራ ፍም ነው። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ሥራ ቦታሽ ያውልሽ!» ትለኛለች። እንጀራና በርበሬ ሲያልቅብን ደግሞ ካውንቲው በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ወደ ሰየመው ሰፈር እንነዳለን።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ትልቁ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ የሚወደው ሰው ሲበርና ሕንፃ ሲፈርስ ማየት ነው። ትንሿ 11 ዓመቷ ነው፤ እንስሳ የሚናገርበትን ትመርጣለች። አባታቸው የማንም ተራ ይሁን ፊልሙ እንደጀመረ ያንኮራፋል። እኔ ደግሞ ሳላለቅስ ያለቀ ፊልም ፊልም አይመስለኝም። ይህን አመል የወረስኩት ካሳደገችኝ ከአክስቴ ነው። መርካቶ ሳለን ሲኒማ ራስ ይዛኝ እየሄደች የህንድ ፊልም እናይ ነበር። «ማዘር ኢንዲያ»ን ያየን ዕለት እናቲቱ በገዛ ልጇ ላይ ጠመንጃ ስትደግን አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ የተንሰቀሰቀችውን እስከ ዛሬ አልረሳም።

የእኔ ተራ ሲደርስ የማይሰለቹኝ ሁለት ፊልሞች አሉኝ። አንደኛው የእኛው ሰው ያሬድ ዘለቀ የሠራው «ላምብ» ነው፤ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፤ አጎትየው እሷኑ ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። ኤፍሬም ባለሙያ ነው፤ ሳምቡሳ ገበያ ወስዶ እየሸጠ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን የመኪና ሳንቲም ያጠራቅማል። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ አይዋጥለትም። ትልቁ ልጄ ይህን ካየ በኋላ «እማዬ፣ ሳምቡሳ አስተምሪኝ» አለኝ። ተአምር ነው!

ሁለተኛው ራዱ ሚሃይሊያኑ የሚባል ዳይሬክተር በ2005 ያወጣው ነው፤ ስሙ ወደ እኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። ዘመኑ 1984 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ሱዳን ውስጥ የስደተኞች ሰፈር ነው። አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከሞት ለማትረፍ ወደ እስራኤል ከሚጓዙት ቤተ እስራኤላውያን ጋር ቀላቅላ ትሰደዋለች። እዚያ አንድ ቤተሰብ ወስዶ ያሳድገዋል። ልጁ አልጋ እያለለት መሬት ላይ ይተኛል፤ ሌሊት ሌሊት ጨረቃን እናቱ አድርጎ ያዋራታል። ትምህርት ቤት በር ላይ ወላጆች «ልጆቻችንን በሽታ ያስይዝብናል» ብለው ሲያጉረመርሙ አሳዳጊ እናቱ በሁሉም ፊት ጉንጩን እየሳመች፣ እየላሰች ታሳያቸዋለች። እዚያች ላይ ስደርስ አባወራዬ እንኳ ይነቃል፤ የሚቀሰቅሰው ግን ፊልሙ ሳይሆን የእኔ ለቅሶ ነው።

«ፊልም አይደለም እንዴ? ምን እንዲህ ያስለቅስሻል?» ይለኛል። እሱ ምን ያድርግ፣ እናቱ ጉያ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። እኔ ግን በዚያው በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ ስትመታ የ7 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ደሴ ላይ መኪና አሳፍራ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ላከችኝ። አክስቴ አራት ልጆች ነበሯት፤ እኔ አምስተኛ ሆንኩ። ፎርም አልተሞላም፣ ዳኛ ፊትም አልተቀረበም። አንድ ትራስ ተጨመረ፣ ትሪው ላይ አንድ እጅ ተጨመረ፣ በቃ! የአባቴን ስም እንደያዝኩ አደግሁ። እናቴንም አንድ ቀን እንድረሳት አልተደረግሁም፤ ሁለት እናት ነበረኝ እንጂ አንዷ በሌላዋ አልተተካችብኝም። ይህ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ኦሮሞው በሥርዓት አክብሮ የያዘው ጉዲፈቻ አለ፤ የቤተሰብ ሕጋችንም ቃሉን ከዚያው ወስዶ ጽፎታል። ወ/ሮ አበበች ጎበናም በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወጥተው ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው ቤታቸው የገቡት። በጁላይ 2021 እስኪያርፉ ድረስ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ አበቁ!

አሁን ወደ ባዶዋ ክፍል እንግባ።

ቤታችን አራት መኝታ ክፍል አለው። በአራተኛዋ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ቢጫ መጋረጃ አለ። መጋረጃውን የገዛሁት በ2019 ነው። በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ አረፈች፤ የ8 ዓመት ሴት ልጅ ትታ። አባትየው ቀድሞ ሞቷል። ለቅሶ ልደርስ ስበር መንገድ ላይ ልቤ ወስኖ ነበር፤ አክስቴ እኔን እንዳደረገችኝ ልጅቷን ወስጄ ላሳድጋት። ተመልሼ መጋረጃ ሰቀልኩ። ከዚያ ጠበቃ አነጋገርኩ።

ጠበቃው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እርስዎ በሕጉ የውጭ አገር ዜጋ ነዎት፤ ጉዲፈቻ ለውጭ ዜጋ ተከልክሏል» አለኝ።

የሚገርማችሁ፣ ያን ሕግ ሲወጣ እልል ያልኩለት እኔው ነኝ! እንዴት አልል? በ2010 ብቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የመጡት ልጆች ከ2,500 ይበልጡ ነበር። በፍቅር ያደጉ ብዙ አሉ፣ አልክድም። ግን እናት በሕይወት ቁጭ ብላ ሞታለች ተብሎ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ነበሩ። ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብለው የማያውቁትን ፊርማ የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። ሐና ዊሊያምስንም ሁላችን እናስታውሳታለን። ከኢትዮጵያ ተወስዳ ዋሽንግተን ግዛት የገባችው ልጅ በ13 ዓመቷ፣ በሜይ 2011፣ ተርባና በብርድ ደርቃ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2013 ተፈርዶባቸው ወህኒ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ፓርላማው በጃንዋሪ 2018 ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን ሲከለክል እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ ቡና የምንጠጣ ሴቶች «ተመስገን» አልን።

በዓመቱ ያው ሕግ የእኔን በር ዘጋው። ኪሴ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ፓስፖርት፣ ለሥራና ለልጆቼ ብዬ እጄን አንስቼ የማልኩበት፣ የእህቴን ልጅ «ልጄ» እንዳልል ከለከለኝ። አሁንም ሕጉን አልረግመውም። ስለ ሐና የወጣ ሕግ ነው እላለሁ። ግን ትክክል ነው የምትሉት ነገር በራሳችሁ ላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ልጅቷ አጎቷ ዘንድ ናት። የትምህርት ቤት ክፍያዋን እልካለሁ፣ በሳምንት በሳምንቱ እደውላለሁ። መጀመሪያ ላይ «እታለም፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ትለኝ ነበር። እኔም «እግዜር ያውቃል» እላታለሁ። አንድ ቀን መጠየቋን አቆመች። እመኑኝ፣ ከጥያቄው የባሰው ዝምታዋ ነው።

ክፍሏ እንዲሁ ባዶ ከረመች። አንድ ማክሰኞ ትንሿ ልጄ ፊልሙን አቋርጣ «እማዬ፣ ያ ክፍል አሁን ለማን ነው?» አለችኝ። ክፍሏ የነበረች አንዲት ልጅ በፎስተር የምታድግ ኖሮ ቤት ስትቀየር ትምህርት ቤትም ተቀይራ ሄደች አሉ። ልብሷን የያዘችው በቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ነበር። ልጄ ሻንጣ አለመኖሩ ነው ያንገበገባት። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ለካ እዚሁ አጠገባችንም ትራስ የሚፈልግ ልጅ አለ!

በማግስቱ ወደ ክላርክ ካውንቲ የቤተሰብ አገልግሎት ደወልኩ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፎስተር ማለት በመጀመሪያ ልጁን ለጊዜው ማሳደግ ነው። ዓላማው ወላጆቹ ተስተካክለው ልጃቸውን እንዲረከቡ ነው። ያ ካልሆነና ፍርድ ቤት የወላጅነት መብታቸውን ካቋረጠ ልጁ ለጉዲፈቻ ይቀርባል። በኔቫዳ ሕግ ጉዲፈቻው ከመጽደቁ በፊት ልጁ 6 ወር ቤታችሁ ሊኖር ይገባል፤ ልጁ ከ14 ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ የራሱ ፈቃድ ይጠየቃል። አሻራ ይሰጣል፣ ሥልጠና ይወሰዳል፣ ቤት ይፈተሻል። መድኃኒት ይቆለፋል፣ የጢስ ማስጠንቀቂያ ይሞከራል። ቤታችንን ልታይ የመጣችው ሴትዮ የዕጣን ማጨሻዬን አንስታ «ይህ ቤት ውስጥ ይነድዳል?» ብላ ስትጠይቀኝ ልቤ ወደቀ። ሥርዓቱን አስረዳኋትና ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ተገኘለት። ቡናውንም ሁለት ሲኒ ጠጥታ ሄደች።

አስቸጋሪው ግን ካውንቲው አልነበረም፤ የራሴ አባወራ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለኝ። «ዛሬ አቅፈሽ ታሳድጊያታለሽ፣ ነገ እናቷ መጥታ ትወስዳታለች። ያን ጊዜ ማን ያጽናናሻል? የእህትሽ ልጅ ሐዘን መች ወጣልሽና!»

እውነቱን ነው። ሦስት ቀን መልስ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ሌሊት ሊወጣ ጫማውን ሲያስር እንዲህ አልኩት፦ «ወርቅ የሚጌጡበት ነው። እኔ ልጅን ልጌጥበት አይደለም። አክስቴ እኔን ስትቀበል እናቴ በማግስቱ መጥታ ልትወስደኝ ትችል ነበር። አክስቴ ያን እያወቀች ነው ትራስ የጨመረችልኝ። እናቷ ድና ከወሰደቻት እሰየው፣ ልጅቷ ሁለት እናት ኖራት ማለት ነው። ካልወሰደቻት እኛ አለን»። ምንም አልመለሰም። ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ጠዋት ሲገባ ግን «አሻራ የሚሰጠው የት ነው ያልሽኝ?» አለ።

እንግዲህ የሞላሁት ፎርም ይህ ነው። አሁን መልስ እየጠበቅን ነው። የምትመጣው ልጅ ትንሽ ትሁን ትልቅ፣ ጥቁር ትሁን ነጭ፣ ለወር ትሁን ለዘለዓለም አላውቅም። ትልቁ ልጄ ሳምቡሳ እጠብስላታለሁ ብሏል። ትንሿ ባጠራቀመችው ገንዘብ ሻንጣ ገዝታለች። ብትሄድም በላስቲክ እንዳትሄድ ነው።

አንድ ሰው ግን ቀርቶብኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ደውዬ እየፈራሁ ነገርኳት። ያንቺን ክፍል ለሌላ ሰጠሁብሽ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ፣ እታለም» አለች። ቆየት ብላ፦ «መጋረጃው ይኑርላት። ግን ስሟን እንዳትቀይሩባት እሺ?»

አልጋ ሳነጥፍ ውዬ ስገባ ያቺን ክፍል ከፍቼ አያለሁ። መጋረጃውን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ።

እስቲ እናንተም ቤት ባዶ ክፍል ካለ ለማን እንደሆነ ጻፉልኝ። ለሳምንቱ በቸር ያገናኘን!