ማንም አልጠየቀንም

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ በምዝገባ ሰሞን፣ የሰፈራችን ወጣቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለመርዳት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ከየቤቱ ደብተርና እስክሪብቶ ለቅመው፣ ባለሱቆችን ለምነው፣ ቀለም ገዝተው አይሱዙ ሞልተዋል። እየዘፈኑ ደረሱ፤ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀቡት። ለመመዝገብ የመጡትን ሕፃናት ደብተር አስይዘው ፎቶ አነሱና ተመለሱ። ደስ ይላል፤ በጎ ሥራን ማን ይጠላል?

እኔን ያሳሰበኝ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። በሩ ተገንጥሏል፣ ውኃ የለውም። ርዕሰ መምህሩን ጠጋ ብዬ፣ "በጣም የቸገራችሁ ምን ነበር?" አልኳቸው። "ይኸው በር ነዋ! ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች በወር አበባቸው ሰሞን ይቀሩብናል" አሉኝ። ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም? "ስጦታ ይዞ የመጣን እንግዳ እንዴት ብዬ? ደግሞስ ማንም አልጠየቀንም።"

የአንድ በር ዋጋ ከዚያ ሁሉ ቀለም ይበልጣል? አይመስለኝም። በየወሩ የምትቀር ልጅ ግን ከትምህርቱ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ሲብስም ታቋርጣለች። የጎደለውም በር ብቻ አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደንግጦ ነበር። መጽሐፍ በጋራ እያዩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ልጆች ከየት አምጥተው ይለፉ?

ወጣቶቹን ልወቅስ አልፈልግም፤ ከስልክና ከካፌ ቀንሰው የመጡ ናቸው። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር ወርደው ያስተምሩ ነበር። ዓመት የቆየ ሰው የጎደለውን ሳይነግሩት ያውቃል። በአንድ ቀን ጉዞ የሚታየው ግድግዳው ብቻ ነው።

ደግሞ የመደራጃውን መንገድ ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ የእድር አሠራር አለን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ፣ ሂሳቡን በአባላት ፊት ማስነበብ ነው። ወጣቶቹ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተመዝግበው ሕጋዊ ድርጅት መሆንም ይችላሉ፤ እሱ ግን ሥራው ሲጠና ይደርሳል። ብዙ ትምህርት ቤት መቁጠሩም ይቅር። አንዱን ይዞ ሦስት አራት ዓመት አለመልቀቅ ይበልጣል።

እናም ልጆች፣ በሚመጣው ክረምት መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ለርዕሰ መምህሩ ደውሉ። ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ቁጭ በሉ፤ ሴት ተማሪዎችንም ለብቻቸው አነጋግሩ። ሕፃናቱን ደብተር አስይዛችሁ ፎቶ አታንሱ፤ የእናንተ ታናሽ ቢሆን ትፈቅዱ ነበር? እኛ የምናዋጣውም ብሩን ሰጥተን አንጥፋ፤ ምን ላይ እንደዋለ እንጠይቅ፤ ስንችልም አብረን ሄደን እንይ።