ሽመላና ሐሲዳ

ባለፈው መጋቢት በአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ የቤር ሸባን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ በቅርቡ የገቡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «ሽመላ!» አሉ። ልጃቸው ግን «አይደለም እማዬ፣ ሐሲዳ ናት» አላቸው። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

በጎንደር ገጠር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሽመላ ስታልፍ ልጆች እየጮሁ ስለ ኢየሩሳሌም ደህንነት ይጠይቋት ነበር። የልጅ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ነጯ ሽመላ በእርግጥም መንገዷ በዚህ ነው። አውሮፓ ትፈለፈላለች፣ በነሐሴና በመስከረም እስራኤልንና ሲናን አልፋ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትላ ወደ ሱዳንና ምሥራቅ አፍሪካ ትወርዳለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ትመለሳለች።

ባሕሩን አቋርጣ ለምን አትሄድም? ከባድ ናት። 3 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፣ ክንፏ ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ክንፏን እያርገበገበች ሩቅ መሄድ ያደክማታል። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከምድር ሲነሣ እየዞረች ከፍ ትላለች፣ ከዚያም ወደፊት ትንሸራተታለች። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሜዲትራኒያንን ትዞራለች፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ሽመሎችም በዚህች ጠባብ አገር ላይ ያልፋሉ። የሚበዙት በዮርዳኖስ ሸለቆ በኩል ናቸው፤ ነፋስ ሲገፋቸው ግን ወደ እኛም ይጠጋሉ። ማየት የምትፈልጉ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ምድር ሲሞቅ ቀና በሉ።

በኢትዮጵያ ጎጆ ጣራ ላይ የምትሠራው ትንሿ ጠቆር ያለችው ሌላ ናት። የአብዲም ሽመላ ትባላለች፤ ከዝናብ ጋር መጥታ ትፈለፍላለች፣ ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ደቡብ አፍሪካ ትሄዳለች። እሷን ስለ ኢየሩሳሌም የጠየቀ ልጅ ቢኖር በከንቱ ደክሟል!

ነጯም ብትሆን አትመልስም። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ምንቃሯን ብቻ ታንኳኳለች። በኦሪት ከማይበሉት ወፎች ተቆጥራለች፤ ሊቃውንት ግን ሐሲዳ የሚለውን ስሟን ከሔሴድ፣ ማለት ከደግነት ጋር ያያይዙታል። ለጓደኞቿ ምግብ ታካፍላለች ይላሉ።

ይህንን ስናጫውታቸው እናትየዋ ዓይናቸውን ከሰማይ አልነቀሉም። ወንድማቸው ከነልጆቹ ጎንደር ተራ እየጠበቀ ነው።

«አሁን ከዚያ እየመጡ ነዋ?» አሉን።

«አዎን።»

«ወደዚያ የሚመለሱትስ መቼ ነው?»

በነሐሴ አልናቸው።