ግመሉ ላይ ያለው ጠባሳ
ጅግጅጋ የቁም እንስሳት ገበያ ውስጥ ከቆሙት ግመሎች ብዙዎቹ ቆዳቸው ላይ በእሳት የተተኮሰ የጎሳ ምልክት አለባቸው። የሶማሌ ቤተሰብ የውርስ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ጠባሳ ነው። በባህሉ ግመል የዘር ሐረግ ሀብት ነውና፣ ወደ ሌላ ጎሳ የምታገባ ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አትወርሰውም። ሸሪዓ ግን የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ቆርጦ ይሰጣታል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ከወንድሟ እኩል ያደርጋታል። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ቢዳኝ አይከለክልም፤ የሚጠይቀው የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ነው። ፈቃድ! አባቷን በቀበረች ማግስት አጎቶቿ ሲመክሩ ሻይ እያቀረበች ውሳኔውን የምትሰማ እህት፣ ዝም ማለቷ ፈቃድ ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም። ሽማግሌዎቹ ግመሎቹን ከመቁጠራቸው በፊት እሷን ከመካከላቸው አስቀምጠው በየትኛው ሕግ መዳኘት እንደምትፈልግ ይጠይቋት።