ገመዱን የምትይዘው እጅ



በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ አዛውንት ስለማስታመም፣ ስለ ማጽጃ ኬሚካል ብዙ ተጨዋውተናል። ስለ ውሻ ግን አንድም ቀን አላነሣንም። ሀገር ቤት ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ቀን ታስሮ ሌሊት ተፈትቶ፣ የተረፈውን በልቶ ያድራል። እዚህ ግን ሳሎን ይተኛል፣ የራሱ ሐኪም አለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ መንሸራሸር አለበት። ይዞት የሚወጣው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ፣ ከመዝየድ ሞል ብዙም በማይርቅ ቪላ የምትሠራ እኅታችን ደውላልን ነበር። የቤቱ ውሻ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ከልጆቹ ጋር እንደ በግ ነው፤ ጆሮውን ሲጎትቱት እንኳ ዝም ይላል። ከበሩ ወጥቶ ሌላ ውሻ ሲያይ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አንድ ቀን ማታ ከማዶ ትንሽ ነጭ ውሻ ብቅ ሲል ጎትቶ አስፋልት ላይ ጣላት። ጉልበቷ ተላጠ፣ የእጅ አንጓዋ አበጠ። ሦስት ቀን በረጅም እጅጌ ሸፍና ሠራች። «ለማዳም ብነግራት ውሻውን መያዝ አልቻልሽም ብላ ብትመልሰኝስ? የመጣሁበትን ብድር ገና አልጨረስኩም» አለች።

መጀመሪያ የጠየቅናት ገመዱን እንዴት እንደያዘችው ነው። እንዳያመልጣት እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማው ነበር። እኅቶቼ፣ ይህን አታድርጉ። የተጠመጠመ ገመድ ጣት ይሰብራል፣ ሰውንም መሬት ለመሬት ይጎትታል። የገመዱን ጆሮ በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ፣ መካከሉን በሌላው እጅ ይዞ፣ ክርን ወደ ሰውነት ማስጠጋት ይሻላል። ባለቤቶቹ ፈቃደኞች ከሆኑ ደግሞ በአንገት ማሰሪያ ፈንታ ገመዱ ከፊት ደረቱ ላይ የሚያያዝበት የደረት ማሰሪያ ይገዛለት። ውሻው ሲጎትት ራሱን ወደ ጎን ስለሚያዞረው ኃይሉ ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ ውሻ ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ቡችላ ሳለ ከሌሎች ውሾች ጋር አልተዋወቀም፤ ወይም አንድ ጊዜ ተነክሷል። በነፃነት ቢሆን ይሸሽ ነበር፤ ታስሯልና መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ ቀድሞ ይጮኻል። ያኛው ውሻ መንገደኛ ስለሆነ አልፎ ይሄዳል፤ የኛው ግን «ጮኼ አባረርኩት» ብሎ ይማራል። በማግስቱ የበለጠ ይጮኻል። እኛም ከሩቅ ውሻ ስናይ ደንግጠን ገመዱን ስንወጥር ፍርሃታችን በገመዱ በኩል ይደርሰዋል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሲሆን ደግሞ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል በቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

መምታት አይረዳም። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር የሚመታ ውሻ፣ ሌላ ውሻ ማለት ሕመም ማለት ነው ብሎ ይደመድማል። ሲያጉረመርም የሚመታ ደግሞ ማጉረምረሙን ይተውና አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

የሚረዳው ርቀትና ምግብ ነው። ውሻችሁ ሌላውን እያየ ገና የማይጮኽበት ርቀት አለ፤ ሠላሳ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ መቶም ሊሆን ይችላል። እዚያ ርቀት ላይ ቁሙና ሌላ ውሻ ባየ ቅጽበት ቅመም የሌለው የተቀቀለ ዶሮ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ሌላው ውሻ ሲሰወር ዶሮውም ያቁም። (ቸኮሌት፣ ዘቢብና ሽንኩርት ግን ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ልጆቹንም አስጠንቅቁ።) ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ወራት። አፉን ገጥሞ፣ ሰውነቱ ደርቆ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ካፈጠጠና የጀርባው ጠጉር ከቆመ ግን ዶሮም አያድነውም፤ ሳትጮኹ ዞር ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ወይም ከቆመ መኪና ጀርባ ግቡ።

የሰፈሩ ነገርም አለ። የቪላዎቹ አጥር ረጅም ስለሆነ ከማዕዘኑ ወዲያ ማን እንደሚመጣ አይታይም፤ ስለዚህ ማዕዘን ላይ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ። በበጋ ሙቀቱን ሽሽት ሁሉም ውሻውን የሚያወጣው በአንድ ሰዓት ነውና ከሌሎቹ ጥቂት መቅደም ወይም መዘግየት ይበጃል። ሆኖም ለብቻችሁ ወደ ጨለማ ቦታ አትሂዱ፤ መብራት ያለበትን መንገድ ያዙ። አስፋልቱን ደግሞ በእጃችሁ ጀርባ ፈትኑት፤ ሰባት ሰከንድ ካላስቻላችሁ የውሻውንም መዳፍ ያቃጥላል።

ጠብ ከተነሣስ? ጠቢቡ ሰሎሞን በማይመለከተው ጠብ የሚገባን ሰው የውሻ ጆሮ ከሚይዝ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። በምሳሌ የተናገረው ነው፤ ለእኛ ግን ቃል በቃል ይሠራል። እጃችሁን በሁለት ውሾች አፍ መካከል አታስገቡ፤ ያሳደጋችሁት ውሻ እንኳ በዚያ ሰዓት እጁ የማን እንደሆነ አይለይም። ውኃ ድፉባቸው፤ ልብስ ወይም ምንጣፍ ጣሉባቸው፤ ሰው ጥሩ። ገመዱን መያዝ ካልቻላችሁ ልቀቁት። ውሻ ይታከማል፤ ገመዱን ሙጥኝ ብላችሁ መሬት ከወደቃችሁ ግን አፉ ፊታችሁ ጋ ነው።

የተነከሰች ቁስሏን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ትጠብ፤ ከዚያ ትንሽ ብትመስልም ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የዕብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። የውሻውን የክትባት ደብተር ማየትም መብታችሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአምቡላንስ 998፣ ለፖሊስ 999 ይደወላል።

ሕጉንም እወቁት። በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22 ውሻ ፈቃድና ክትባት እንዲኖረው፣ ከቤት ሲወጣም እንዲታሰር ያዛል። ያለ ማሰሪያ ማውጣት ከ10,000 እስከ 100,000 ድርሃም ያስቀጣል። ፒት ቡልንና የጃፓን ቶሳን የመሰሉ ዝርያዎችን ማኖር ክልክል ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ፍቺው፣ ይሩጥ» ቢሏችሁ አትፍቱት። ስለ ራሳችሁ ደግሞ፣ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የ2022 የፌዴራል ድንጋጌ ቁጥር 9 አሠሪ የሠራተኛዋን የሕክምና ወጪ እንዲሸፍን ወይም የጤና መድን እንዲገባላት፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም ካሣ እንዲከፍል ይደነግጋል። አንጓችሁን መደበቅ ይህን መብት መደበቅ ነው።

ለማዳም እንዴት ይነገራታል? «አና ኻይፋ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ውሻ ስለማትወዱ ይመስላቸዋል። የሆነውን በቀንና በቦታ ንገሯት፤ የምትፈልጉትንም አብራችሁ ጠይቁ፦ የደረት ማሰሪያ፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ የአፍ መሸፈኛ፣ ከተቻለም አሠልጣኝ። የቅርጫቱ ዓይነት አፉን አጥብቆ ስለማይዘው ማለክለክና ውኃ መጠጣት ይችላል፤ በአቡ ዳቢ ሙቀት ሌላው ዓይነት ውሻውን ሊገድለው ይችላል። «ውሻው የሌላ ሰው ውሻ ቢነክስ እናንተ ትጠየቃላችሁ» የሚለውን ቃል ብዙ አሠሪዎች ቶሎ ይሰሙታል።

እኅታችን በአራተኛው ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ነገረቻት። ማዳም ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን ሦስት ቀን ስለ መደበቋ ነበር። ክሊኒክ ወሰደቻት፤ አንጓዋ ወለምታ እንጂ ስብራት የለበትም። አሁን ጠዋት ጠዋት ውሻውን የሚያወጣው የቤቱ ትልቅ ልጅ ነው፤ የማታው ተራ የእሷ ነው፤ ኪሷ ውስጥ በፌስታል ዶሮ ይዛ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ያ ነጭ ውሻ ከማዶ አልፎ የኛው ሁለት ጊዜ ብቻ ጮኸ አለች፤ ከዚያ ዞሮ ኪሷን አሸተተ።