«አንቲቫይረስ አለው?»

የቤት ኮምፒውተርን ከቫይረስ የሚጠብቀው የተጫነበት አንቲቫይረስ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። ላፕቶፕ ገዢ «አንቲቫይረስ አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩ «አለው» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፕሮግራሙ ክራክ ይሁን ኦሪጅናል፣ ዊንዶውሱ አፕዴት ይውሰድ አይውሰድ፣ የሚያነሣው የለም።

አንቲቫይረስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ፋይሎችን ከታወቁ ጎጂ ፕሮግራሞች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ አካሄዱ የሚያጠራጥረውንም ለማስቆም ይሞክራል። ዝርዝሩ ካልታደሰ ግን ትናንት የተሠራውን ቫይረስ ላያውቀው ይችላል። በራሱ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ መድፈን ደግሞ የእርሱ ሥራ አይደለም፤ ያንን የሚደፍነው አፕዴት ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. 150 ያህል አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባው በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ነበር። ለመዛመት ማንም ሰው አንዳች ነገር እንዲከፍትለት አላስፈለገውም፤ በኔትወርክ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እያለፈ ፋይል ይቆልፍና ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር።

በብዙ ኮምፒውተር ቤቶች የተለመደው አሠራር ታዲያ ይህንኑ አፕዴት መዝጋት ነው። ምክንያቱ ይታወቃል፤ አፕዴት ዳታ ይበላል፣ ክራኩንም ያበላሻል ተብሎ ይፈራል። ከክራኩ ጋር የሚመጣው መመሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «በመጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» በማለት ነው። ዘበኛው ከበሩ ይነሣልኝ የሚል እንግዳ ማንም ቤት አይገባም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ክራክ ሁሉ ቫይረስ ይዟል ባይባልም፣ የያዘውን ካልያዘው የሚለይበት መንገድ ባለቤቱ እጅ ላይ የለም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰራጨው ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ዋና መንገዱ ይኸው ነበር፤ በክራክና በቁልፍ ማመንጫ ፕሮግራሞች ተሸሽጎ የቤት ተጠቃሚዎችን ፎቶና ሰነድ ይቆልፍ ነበር። ለረዥም ጊዜ ይጠይቅ የነበረው 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቆላፊዎቹን ላነጋገረ ደግሞ 490 ነበር። ቅናሹ እንኳ ከኦሪጅናል ዊንዶውስ ዋጋ ይበልጣል።

ለክራክ የሚቀርበው መከላከያ ድህነትና የውጭ ምንዛሬ እጥረት ነው። ለዊንዶውስና ለኦፊስ ክርክሩ ሚዛን አለው፤ ምንም እንኳ ሊብረኦፊስን የመሰለ ነጻ ምትክ ቢኖርም። ለአንቲቫይረስ ግን ጨርሶ አይሠራም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት የራሱ አንቲቫይረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ ይመጣል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ቦታውን ይለቃል። ዝርዝሩን የማያድስ ክራክ አንቲቫይረስ የጫነ ሰው እንግዲህ የሚሠራውን አስወጥቶ የማይሠራውን አስገብቷል፤ ብዙውን ጊዜም ለዚህ አገልግሎት ከፍሏል።

ሾርትከት ቫይረስ ላይም ያው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ጠፍተው ሾርትከቶች ብቻ ሲታዩ፣ የሚሰጠው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየው ምርጫ፣ የሲስተም ፋይሎችም ጭምር እንዲታዩ ተደርጎ ሲከፈት፣ ይወጣሉ። የሚያጠፋቸው ፎርማቱ ነው። ፍላሽ እንደተሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን አሠራር ማይክሮሶፍት በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ የዘጋው በ2003 ዓ.ም. በአፕዴት ነበር፤ አፕዴት የዘጋ ሰው ያ አልደረሰውም። ዛሬ ሾርትከት ቫይረስ ለመነሣት በአብዛኛው የሰው ክሊክ ይፈልጋል።

ከአንቲቫይረሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ዊንዶውሱ አፕዴት ማግኘቱ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ቀጥሎ የዕለት ሥራ የሚሠራበት አካውንት የአድሚን መብት እንዳይኖረው ማድረግ ነው፤ በስሕተት የተከፈተ ጎጂ ፕሮግራም ሲስተሙን እንዳሻው መለወጥ ይቸግረዋል። የተጠቃሚውን የራሱን ፋይሎች ግን ያኔም መቆለፍ ይችላል። ለእነዚያ የሚያስፈልገው በሌላ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ነው፤ ዲስኩም ከተገለበጠበት በኋላ ይነቀላል፤ እንደተሰካ ከቆየ ቆላፊው እርሱንም ይቆልፈዋል።