በቡታን ሰው ጉያ

ውድ አንባቢ፣

ስለ ቡታን የሰሙት ነገር ካለ ምናልባት ስለ ደስታ ይሆናል። አራተኛው ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ በ1970ዎቹ የአገር ዕድገት በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ደስታም ይለካ ማለታቸው በየሬዲዮውና በየመጽሔቱ ሲነገረን ኖሯል። (በዚህ ደብዳቤ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በህንድና በቻይና መካከል፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ የተቀመጠችው፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ይህች አገር ወደ ጆሯችን የምትደርሰው በዚያች አንዲት ቃል ተጠቅልላ ነው። ደብዳቤውን የምጽፍልዎ ቃሏ ሰዎቹን ስለጋረደችብን ነው። የቡታን ሰው ጠዋት ተነስቶ ምን ይለብሳል? በምን ይበላል? እንግዳ ሲመጣበት ምን ያቀርባል? እነዚህን ብንጠይቅ ከደስታው ወሬ የበለጠ የምናውቅ ይመስለኛል፤ የማያስደስተውንም ጭምር።

ከልብሱ ልጀምር። ወንዶቹ የሚለብሱት ጎ ይባላል። ሲለቀቅ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እጅጌው ሰፊ የሆነ ረጅም ካባ ነው። ለባሹ ጫፉን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ ያደርሰውና ኬራ በሚባል ጠባብ የሽመና መቀነት ወገቡን ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ከመቀነቱ በላይ የተረፈው ጨርቅ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ትልቅ ጉያ ይሆናል። የድሮ መንገደኛ የሚበላበትን የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን፣ ቢላዋውንና ለሰው የሚያቀርበውን፣ ዶማ የሚባለውን የሚታኘክ ፍሬ እዚያ ሸጉጦ ይሄድ ነበር። የዛሬው ደግሞ ስልኩን፣ የገንዘብ ቦርሳውንና የቢሮ ወረቀቱን ይከትበታል። ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ዞንግ ወደሚባለው ምሽግ መሰል ሕንጻ ሲገባ ካብኔ የተባለ ረጅም ነጠላ ትከሻው ላይ ያጣፋል። ቀለሙ የሰውየውን ማዕረግ ይናገራል፤ ተራው ዜጋ ነጭ፣ የፓርላማ አባል ሰማያዊ፣ ሚኒስትር ብርቱካናማ፣ ንጉሡ ቢጫ።

ሴቶቹ የሚለብሱት ኪራ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። ሰውነት ላይ ይጠቀለልና ትከሻ ላይ ኮማ በሚሉት የብር ማያያዣ ይያዛል። ዛሬ ብዙዎቹ ከወገብ በታች ብቻ የሚታጠቁትን ግማሽ ኪራ ከሸሚዝና ከአጭር ጃኬት ጋር ይለብሳሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን አሠራሩ ነው። በቡታን ሸማኔዋ ሴት ናት። ወለል ላይ ተቀምጣ የድሩን አንድ ጫፍ ከፊቷ ካለው እንጨት፣ ሌላውን በጀርባዋ ከሚዞር ጠፍር ጋር ታያይዛለች። ስለዚህ ድሩን የሚወጥረው የገዛ ወገቧ ነው። ወደ ፊት ዘንበል ስትል ይረግባል፣ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ይወጠራል። በሰሜን ምሥራቅ፣ በልሁንትሴ፣ ኩሹታራ የሚባለውን ባለ ሐር ጥለት ኪራ የሚሠሩት እንዲህ ነው። አንዱ ወራትን ይፈጃል፣ ጥበቡ ከከበደ ደግሞ ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ከህንድ የሚገባው የማሽን ጨርቅ ጥለቱን ገልብጦ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ገንዘብ ያጠረውን ሰው ያንን ለምን ገዛህ ብዬ አልወቅስም። ሸማኔዋ ያን ያህል ወራት ወገቧን ያሰረችበት ሥራ ከፋብሪካ ጨርቅ ጎን ተሰቅሎ ዋጋው ሲነጻጸር ግን ልቤ አይቀበለውም።

አሁን ወደ ማዕዱ እንለፍ። ጎድጓዳው ሳህን ዳፓ ይባላል፤ ስመ ጥሩዎቹ ሠሪዎች በምሥራቅ፣ በትራሺያንግሴ ይገኛሉ። ከዛፍ ጉጥ የሚፈለፈለው ከሁሉ ይበልጣል። የጉጡ መስመሮች በጎኑ ላይ ሲሽከረከሩ ስለሚታዩ ሰው እንደ መስመሩ ውበት ዋጋ ይሰጠዋል። ባንግቹንግ ደግሞ በመካከለኛው ቡታን፣ በኬንግ አካባቢ ሰዎች ከቀርከሃ ስንጣቂ የሚሠራ አገልግል ነው። ክብ የሆኑት ሁለት ወገኖቹ በጣም ተጠጋግተው ስለሚገጥሙ ገበሬው ሩዙንና ወጡን ይዞበት እርሻ ይወርዳል፤ ሲከፍተው ሁለቱም ወገን መመገቢያ ሆነው ያገለግላሉ።

በውስጡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቀይ ሩዝና ኤማ ዳትሺ ነው። ኤማ ዳትሺ ማለት ቃሪያውን ወይም የደረቀውን በርበሬ ቁመቱን ሰንጥቆ ከአይብ ጋር ቀቅሎ ማቅረብ ነው። እኛ በርበሬውን ለወጥ ማጣፈጫ እናደርገዋለን፤ እነሱ ራሱን ወጥ አድርገው ይበሉታል። በመኸር ወራት በፓሮ ሸለቆ የቤቱ ጣሪያ ሁሉ በበርበሬ ስጥ ይቀላል። በ2016 መንግሥት ከህንድ በሚመጣው በርበሬ ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት ተገኘ ብሎ እንዳይገባ ሲያግድ፣ ጉዳዩ የእያንዳንዱን ቤት ምድጃ ነካ። የብርዱ ወራት በርበሬ ከህንድ ሜዳ የሚመጣ መሆኑን ያን ጊዜ ያልተረዳ አልነበረም።

ምግብ ሲቀርብለት የቡታን ሰው ወዲያው እጁን አይዘረጋም። አፉን በመዳፉ ከልሎ «ሜሹ፣ ሜሹ» ይላል፤ አልፈልግም ማለቱ ነው። አቅራቢው ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ እንግዳው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይረታል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን ሲባል ላደገ አንባቢ ይህን ማብራራት አያሻኝም። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የሚለመነውን ሰው ክብር ነው። ልማዱ ተርቦ የመጣን ሰው እንደ ተራበ ሳይታወቅበት እንዲበላ ያደርገዋል።

ከምግብ በኋላ ዶማ ይመጣል። የአሬካ ፍሬ በኖራ በተቀባ የቤቴል ቅጠል ተጠቅልሎ ይታኘካል። ሰውነትን ያሞቃል፣ ከንፈርንና ጥርስን ያቀላል። ሐኪሞች ከአፍ ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ዶማ ያልቀረበበት ሠርግ፣ ሹመት ወይም የጎረቤት ጉብኝት ማግኘት ይከብዳል። አሁን የምለውን እባክዎ ያስታውሱልኝ፤ አሬካ በብርዳሙ ተራራ ላይ አይበቅልም። የሚበቅለው በሞቃቱ ደቡብ፣ በሳምትሴና በሳርፓንግ ዝቅተኛ ቦታዎች ነው። ሰሜኑ ጉያው ውስጥ ይዞት የሚዞረው ነገር ሥሩ ደቡብ ነው።

በየቤቱ ቾሻም የሚባል የጸሎት ክፍል ወይም መደርደሪያ አለ። ጠዋት ጠዋት ሰባት ትንንሽ ጽዋዎች ንጹሕ ውኃ ይሞላባቸዋል፤ ማታ ይገለበጣሉ። ለምን ውኃ ቢሉ፣ ውኃ ሁሉም ሰው ስላለው ነው ይላሉ። ድሃም ሀብታምም እኩል ይሰጠዋል፤ ሲሰጥም እየሳሳ አይደለም። ከቡታን ልማዶች አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የቀስት ጨዋታውንም ሳልጠቅስ ብቀር ቅር ይለኛል። ከ1971 ጀምሮ ብሔራዊ ስፖርት ነው። ቀስተኛው የሚቆመው ከዒላማው 145 ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ዒላማው ደግሞ ጠባብ የእንጨት ሳንቃ። አንዱ በመታ ቁጥር ጓደኞቹ ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። ተጋጣሚ ወገን በነገር ይወጋል፣ ሴቶቹም ለራሳቸው ሰው እያዜሙ ሌላውን ያሸማቅቃሉ። ተጫዋቹ ሁሉ ጎ ለብሶ ነው የሚጫወተው። ብዙዎች የቀርከሃውን ቀስት ትተው ከውጭ የመጣውን ባለ መዘውር ይዘዋል። ዘፈኑ ግን አልተለወጠም።

ውድ አንባቢ፣ እስካሁን የነገርኩዎትን ብቻ ብጽፍልዎ ኖሮ ያችን አንዲት ቃል በሌላ ጌጥ ጠቅልዬ እንደ መለስኩልዎ ይቆጠር ነበር። ጎና ኪራ የሰሜኑ ሰዎች ልብስ ናቸው። በደቡብ የሚኖሩት፣ ኔፓልኛ ተናጋሪና አብዛኞቹ ሂንዱ የሆኑት ልሆትሻምፓዎች ሌላ ልብስና ሌላ ማዕድ አላቸው። ወንዱ ዳካ ቶፒ የሚባለውን ባለ ጥለት ቆብ ይደፋል፣ ሴቷ ሳሪ ትለብሳለች፣ በበዓል ቀን ከሩዝ ዱቄት እንደ ቀለበት የሚጠበስ ሴል ሮቲ ይሠራል። በ1989 በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ጎና ኪራ በአደባባይ የሁሉም ግዴታ ሆኑ። በዚያው ዓመት ኔፓልኛ ከትምህርት ቤት ወጣ። ከዚያ በፊት በ1985 የወጣው የዜግነት ሕግ እስከ 1958 ማብቂያ ድረስ አገሪቱ ውስጥ መኖርን እንደ መሠረት ስለያዘ፣ በ1988 የሕዝብ ቆጣሪዎች በየመንደሩ ሲመጡ የጠየቁት የ1958ን የግብር ደረሰኝ ነበር። የ1957 ያለው፣ የ1959 ያለው ገበሬ የዚያችን ዓመት ወረቀት ማሳየት ካልቻለ እንደ ባዕድ ሊመዘገብ ቻለ። በ1990 ተቃውሞ ተነሳ፣ እስርና ማሳደድ ተከተለ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው አገሩን ለቅቆ በምሥራቅ ኔፓል የቀርከሃ ጎጆ መጠለያዎች ውስጥ ገባ። እዚያ ብዙ ዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ ከ2008 ጀምሮ ከነልጆቻቸው ከ100,000 በላይ የሚሆኑት በስምንት አገሮች ሰፈሩ፤ አብዛኞቹ በአሜሪካ።

ልማዱ ያማረ ነው፣ መባረሩ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ አትቀላቅላቸው የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔ ልለያቸው አልችልም፤ ወገብ የሚያምርበት ያው መቀነት ነው በሕግ የታዘዘው። ዛሬ ሥራና ትምህርት ፍለጋ ወደ አውስትራሊያ የሄዱ ብዙ የቡታን ወጣቶች ፐርዝ ውስጥ ዲሴምበር 17 ቀን፣ ብሔራዊ በዓላቸውን ሲያከብሩ ጎና ኪራ ለብሰው ይታያሉ። ማንም ያዘዛቸው የለም፤ ልብሱም በትእዛዝ ሲለበስ ያልነበረውን ክብር ያገኛል። የኬራ ሽመና፣ የዳፓ ፍልፈላ፣ የሰባቱ ጽዋ ውኃ፣ ይህ ሁሉ ለዘመናት የቆየው ሰዎች ስለወደዱት ነው። ድንጋጌው ያን መውደድ ያልታመነ አደረገው።

አንድ የምለምንዎ ነገር አለ። ኮሎምበስ ኦሃዮ የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም ሐበሻ በሚበዛበት ሌላ የአሜሪካ ከተማ፣ በሥራ ቦታዎ ወይም በልጅዎ ትምህርት ቤት ኔፓልኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች ይኖሩዎት ይሆናል። ከመስቀል ብዙም ሳይርቅ ዳሻይን የሚሉት በዓላቸው ይደርሳል፤ ሽማግሌዎቹ በሩዝ፣ በእርጎና በቀይ ዱቄት የተለወሰ ቲካ በታናናሾች ግንባር ላይ እየለጠፉ ይመርቃሉ። እንኳን አደረሳችሁ ይበሏቸው። ኔፓላውያን ናችሁ ወይ ብለው ከመደምደምዎ በፊት ከየት እንደመጡ ይጠይቋቸው፤ አንዳንዶቹ ቡታን ይሉዎታል። ያን ጊዜ ስለ ደስታ መለኪያ አያንሱባቸው። ብርቱካኑን፣ ሂሉንና አሬካውን ያበቅሉበት ስለነበረው መሬት፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቤቱ ይጠይቋቸው። ጊዜ ሰጥተው ያድምጧቸው፤ የግብር ደረሰኙን በፕላስቲክ ጠቅልለው ውቅያኖስ ያሻገሩ ቤተሰቦች አሉና ምናልባት አውጥተው ያሳዩዎት ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጸሐፊው