ስምንት ነው ወይስ ቢ?

ሰኔ ሲገባ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የመንግሥት ደመወዝ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ያልተገዛው ወረቀት ይገዛል፣ ያልተሰበሰበው ስብሰባ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ደግሞ የንብረት ቆጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ሦስት ሰው ነው። አንዱ መዝገብ ይይዛል፣ አንዱ ቀለምና ብሩሽ ይይዛል፣ አንዱ ጠረጴዛ ስር ይገባል። ጠረጴዛ ስር የሚገባው ሁልጊዜ በዕድሜ ትንሹ ነው። በሞባይሉ መብራት እያበራ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተለጠፈችውን የጤፍ ፍሬ የምታክል ጽሑፍ ያነባል፤ መዝገብ ያዡ እላይ ሆኖ ይጽፋል። «ሲ… ዜድ… ሲ… ስምንት…» ሲባባሉ ለሰማ ሰው የኔታና ተማሪ ፊደል የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህች የጤፍ ፍሬ ነው። ሲሪያል ቁጥር ትባላለች። ቀልድ እንዳትመስላችሁ፤ እኔ ሰው ስታስለቅስ አይቻታለሁ።

ሁላችንም «እቴቴ» የምንላቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩን። 31 ዓመት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ወጡ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተሸለሙ፣ ኃላፊው ንግግር አደረጉ። በማግሥቱ ክሊራንስ ሊያስፈርሙ ዞሩ። ሂሳብ ክፍል ፈረመ። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመ (አንድም መጽሐፍ ተውሰው አያውቁም፣ ግን መፈረም አለበት)። ንብረት ክፍል ሲደርሱ ቆመ።

ለካስ ኮምፒውተሩን ሲረከቡ በተሞላው ሞዴል 22 ላይ የሲሪያሉ ሰባተኛ ምልክት «8» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ያለው ደግሞ «ቢ» የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

«ይኼ ኮምፒውተር የእርስዎ አይደለም» አሏቸው።

«ስድስት ዓመት የሠራሁበት?»

«ሊሠሩበት ይችላሉ፤ እርስዎ የተረከቡት ግን ይኼን አይደለም። የተረከቡትን ያምጡ፣ አለዚያ ዋጋውን ይተኩ።»

«ልጄ፣ የሌለ ኮምፒውተር ከየት ወልጄ ላምጣ?» አሉ እቴቴ። ኮሪደሩ ላይ የነበርነው ሳቅን። ለሳምንት ያህል መሳቂያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ፤ እቴቴ ጃንጥላቸውን ይዘው በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። ክሊራንስ ካልተፈረመ የስንብት ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤው ከሌለ የጡረታው ወረቀት አይንቀሳቀስም። ደመወዝ ቆሟል፣ ጡረታ አልጀመረም፣ የቤት ኪራይ ግን ሲሪያል ቁጥር አይጠይቅም። ያኔ ሳቃችን ጠፋ።

የአይሲቲው ልጅ ነው ያሳዘኑት። መጣና ኮምፒውተሩን አበራው። ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ጻፈና ተጫነ። ስኒ አንስታችሁ ፉት ብላችሁ እስክታስቀምጡ ባለው ጊዜ ውስጥ ማሽኑ ራሱ ቁጥሩን ተናገረ፤ ሰባተኛዋ ላይ ቢ። ልጁ አላቆመም፤ ከግምጃ ቤት ዕቃው የገባበትን የአቅራቢውን ማስረከቢያ አስፈልጎ አወጣ። እዚያም ላይ፣ በታይፕ፣ ቢ! በቃ፣ ስምንቱ የመዝገብ ጸሐፊው እጅ የፈጠረው ስምንት ነው። ሁለቱን ወረቀት አያይዞ ለንብረት ክፍል ኃላፊው አቀረበ።

ኃላፊው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። «ኮምፒውተሩ የተናገረው ማኅተም የለውም» አሉ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ እሳቸውን ሞኝ አላልኩም፤ ተረቱ ነው ያለው።

ነገሩኮ ምትሃት አይደለም። ኮምፒውተር ፋብሪካ ሲገጣጠም ሲሪያሉ ጀርባው ላይ ብቻ አይለጠፍም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥም ይጻፋል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ባዮስ የሚባለው መነሻ ፕሮግራም ይህን ቁጥር ከአምራቹ ስምና ከሞዴሉ ጋር በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ያስረክባል። ኤስ.ኤም. ባዮስ የሚባለው ይህ ደንብ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ሃርድ ዲስኩም የራሱ ቁጥር አለው፤ ሚሞሪውም አብዛኛውን ጊዜ አለው፤ ብዙ ስክሪኖች እንኳ በኬብላቸው በኩል የራሳቸውን ይናገራሉ። ጠያቂ ብቻ ነው የጠፋው። ስክሪፕት ማለት ደግሞ ይህን ጥያቄ በተራ በተራ የሚጠይቁ ጥቂት መስመሮች የተጻፉባት ትንሽ ፋይል ናት። በኔትወርክ ከለቀቋት የ200 ኮምፒውተር መልስ ከነቀኑ ከነሰዓቱ በሰንጠረዥ ሰብስባ ትመጣለች። ጉልበቷ አይቆሽሽም፣ ስምንትና ቢ አይምታቱባትም፣ አበልም አትጠይቅም።

(የድሮዋ ትእዛዝ ደብሊው.ኤም.አይ.ሲ. ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ማይክሮሶፍት ጊዜዋ አልፏል ብሎ ጡረታ አስወጣት፤ ዛሬ ሥራዋን ፓወርሼል ነው የሚሠራው። ጡረታ ስትወጣ ክሊራንስ የጠየቃት ግን የለም።)

የሰው ዓይን ፊደልና ቁጥር እንደሚያምታታ ዓለም ካወቀ ቆይቷል። የመኪና ሻንሲ ቁጥር 17 ምልክት አለው፤ ከእነዚያ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም። ለምን? ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ነዋ! ለኮምፒውተር ግን እንዲህ ያለ የጋራ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደ ይጽፋል። ይህንን ነው እኛ በሞባይል መብራት፣ በተላጠ ስቲከር፣ በእንትን ስኪርፕቶ የምናነበው። አንብበንም እስከ ጡረታ ድረስ የሰው ዕዳ የምናደርገው።

ይህን ለአለቆች ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው መልስ ብዙ ነው። የመጀመሪያው «ኔትወርክ የለም» ነው። እሺ፣ በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል። (ፍላሽ ስል የቫይረሱን ነገር አደራ፤ የኛ መሥሪያ ቤት ፍላሽ ከቤት ቤት ጉንፋን እንደሚያዞር ሕፃን ነው።) ሁለተኛው «ወንበርና መደርደሪያስ በስክሪፕት ሊቆጠር ነው?» የሚል ነው። አይቆጠርም። ወንበር አይናገርም። ወንበር ስለማይናገር የሚናገረውንም አፉን እንዝጋው ማለት ግን ምን የሚሉት ፍልስፍና ነው?

ሦስተኛው መልስ ግን እውነት አለበትና አልሸሸውም። ሁሉም ኮምፒውተር የሚታመን መልስ አይሰጥም። እዚሁ ከተማ የተገጣጠሙትን ስትጠይቋቸው ብዙዎቹ በሲሪያሉ ቦታ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣሉ። ፎርሙ ሳይሞላ ነው ማሽኑ የወጣው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው ማለት ነው። ጥገና ገብቶ ማዘርቦርዱ የተቀየረም ባዶውን ይመለሳል፣ ወይም የሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ታዲያ ምን ይሁን? እነዚህን ለብቻቸው አውጥቶ በአካል ማየት ነው። ከ200 ውስጥ መልስ ያልሰጡትን ወይም መልሳቸው የተለየውን ብቻ ጎንበስ ብሎ ማየትና ሁለት መቶውንም መንበርከክ አንድ አይደለም።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ይኼ ስለላ ነው፤ ዛሬ ሲሪያል ነገ ደግሞ ምን እንደጻፍኩ ይጠይቁኛል» አለኝ። አላፌዝበትም፤ ሰው በከንቱ አይሰጋም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 ፔንቲየም 3ን ሲያወጣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በሶፍትዌር የሚነበብ የራሱ ቁጥር እንዲኖረው አድርጎ ነበር። የግለሰብ ነፃነት ተሟጋቾች «በኢንተርኔት የሚዞረውን ሰው ሁሉ ልትከታተሉበት ነው» ብለው ተነሡ፤ አትግዙ የሚል ዘመቻም ተደረገ። በዓመቱ፣ በ2000፣ ኩባንያው በሚቀጥሉት ፕሮሰሰሮቹ ላይ እንደሚተወው አሳወቀ። ተቃውሞው ተገቢ ነበር፤ የግል ዕቃህ ቁጥር ለማያውቅህ ሁሉ መታየት የለበትም። መሥሪያ ቤት የራሱን ኮምፒውተር ስም መጠየቁ ግን ሌላ ነገር ነው። ጓደኛዬን ያልኩት ይህን ነው፤ ስክሪፕቷ ጥቂት መስመር ከሆነች በማስታወቂያ ሰሌዳ ትለጠፍ። የምትጠይቀው ሲሪያልና ሞዴል ብቻ መሆኑን የፈለገ ያንብባት፣ ያላነበበ የሚያነብለትን ይጥራ። ከዚያ አልፋ ፋይል የምትነካ ከሆነ እኔም አብሬው እጮኻለሁ።

አሁን ወደሚያሳክከኝ ልምጣ። ይህንን ሁሉ የማያውቅ የንብረት ክፍል አለ ብዬ አልከራከርም፤ አለ። ግን ሁሉም ባለማወቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ቡና ልጋብዘው። በቀለም የሚጻፍ ኮድ የሚቆጥረው ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ካለ «አለ» ተብሎ ይጻፋል። ስምንት ጊጋ ሚሞሪ ይዞ የገባ ማሽን በአራት ጊጋ ሲንፋቀቅ፣ ሃርድ ዲስኩ በአሮጌ ሲተካ፣ ቀለሙ አይለወጥም። «ኮምፒውተሬ ዘንድሮ ምን ነካው፣ ይንቀራፈፋል» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ልጁ ሲያየው ከሁለቱ ሚሞሪዎች አንዷ የለችም። ማን ወሰዳት? አይታወቅም። መቼ? አይታወቅም። ሲገባ ሁለት መሆኗስ በምን ተመዘገበ? በምንም። ንብረት ክፍል ቆጥሮ «ሙሉ» ብሏል፤ ሳጥኑ አለና።

እንግዲህ ፍርዱን እዩት። እውነተኛው ማሽን ቁጭ ብሎ፣ በአንዲት ፊደል የተነሳ የ31 ዓመት ሠራተኛ ሌባ ሊባሉ ይደርሳሉ። ሆዱ የተዘረፈው ማሽን ደግሞ ጀርባው ላይ ቀለም ስላለ ብቻ ጤነኛ ተብሎ ይፈረምበታል። ይህ ቆጠራ ነው? የሚቆጥረው ዕቃውን ሳይሆን ራሱን ነው።

የምጠይቀው ነገር ውድ አይደለም። ግዥው ሲመጣ፣ ሞዴል 19 ከመፈረሙ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ይብራና ራሱ ይናገር፤ ሲሪያሉ፣ የዲስኩ ቁጥር፣ የሚሞሪው ልክ ታትሞ ከሰነዱ ጋር ይያያዝ። ሠራተኛው ሲረከብ ሞዴል 22 ላይ በእጅ አይጻፍለት፤ ያው የታተመው ይሰጠውና ሁለቱም ይፈርሙበት። ሰኔ ላይ እንደገና ይጠየቅና ከመጀመሪያው ጋር ይመሳከር። ልዩነት ከተገኘም ተጠቃሚው ዕዳ አለበት ማለት አይደለም። ቁልፉ የማን እጅ ነበር፣ ለጥገና ማን ወሰደው፣ ማን መለሰው፣ እሱ ይጣራ። ይህች የመጨረሻዋ ካልገባች ስክሪፕቷንም አልፈልጋትም፤ ፈጣን ማነቂያ ነው የምትሆነው።

እቴቴ የተፈረመላቸው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እንዴት አትሉም? ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስት ሰው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ «8» ተብሎ የተጻፈው «ቢ» ተብሎ እንዲነበብ ተወሰነ። ማኅተም ተደረገበት። እቴቴ ወረቀታቸውን ተቀብለው ጃንጥላቸውን ረስተው ሄዱ። ጃንጥላው እስካሁን መዝገብ ቤት አለ፤ ቀለም የተቀባ ኮድ የለውም።

ባለፈው ሰኔ ቆጣሪዎቹ እኔም ጋ መጡ። የአይሲቲው ልጅ ስክሪፕቷን ጽፎ፣ ደብዳቤ አያይዞ ካቀረበ ዓመት አልፎታል፤ «በጥናት ላይ ነው» ተብሏል። ትንሹ ቆጣሪ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ጠረጴዛዬ ስር ገባ። ወንበሬን ሳብ አደረግሁለት።

«ሲ… ዜድ… ሲ… አንድ…» ይላል ከሥር።

«ቀጥል» ይላል መዝገብ ያዡ።

«ይቺ ደብዝዛለች። ስምንት ነው መሰለኝ… ወይ ቢ።»

«አንዱን በለኝ እንጂ፣ ገና ሦስት ፎቅ ይቀረናል!»

«እ… ስምንት አድርገው።»

ጻፈው። ቀና ብሎም «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ።